ጎል ብዬ በመጮኼ

ዛሂድ፣

ፖስት ካርዱ ላይ የምታያቸው በጎችና ኮረብታዎች እውነት ናቸው፤ አገሩ ያምራል። ሰዎቹን ግን ተዋቸው። ትናንት ያንተ ቡድን ከኔ አርሰናል ጋር ሲጫወት ስታዲየማችሁ ገብቼ ነበር። ቲኬት ያገኘሁት በእናንተ ደጋፊዎች መሐል ነው። አጠገቤ የነበሩት ሽማግሌ ከረሜላ ሰጡኝ። በሃያ ሦስተኛው ደቂቃ ስናገባ ዘልዬ «ጎል!» አልኩ። እኚሁ ሽማግሌ በጣታቸው ለጥበቃው ጠቆሙኝ!

«ውጣ፣ ለራስህ ደህንነት ነው» አለኝ ጥበቃው።

«ማን ምን ሊያደርገኝ?»

«አጠገብህ ያሉት።»

ከረሜላው ገና አፌ ውስጥ ነበር። አሥራ አምስት ዓመት በቴሌቪዥን ብቻ ያየሁትን ቡድን ሃያ ሦስት ደቂቃ አይቼ ወጣሁ። የተጋጣሚ ደጋፊ ለብቻው ነው የሚቀመጠው፣ ደንብ ነው አሉኝ። ይሄ ደንብ ነው? እኔና አንተ እዚያ ሰፈርህ ፌኸንሃይም፣ ከሱቅህ ጀርባ፣ ስንት ዓመት አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጠን ጨዋታ እያየን ተሰዳደብን? ስንሸነፍ «ሰፈርህ ቦናመስ ሄደህ አልቅስ» ትለኛለህ እንጂ አስወጥተኸኝ ታውቃለህ?

ካርዱ ሞላ። ጣሂራንና ልጆቹን ሰላም በልልኝ። ቅዳሜ ቦታዬ ላይ ማንንም እንዳታስቀምጥ። ጩኸቴን ሳልጨርስ ነው ያስወጡኝ፤ የቀረውን ጆሮህ ላይ እጨርሰዋለሁ።

በሪሁን