የሕፃናቱን ምግብ የጠበቁት ሲስተር ሸዋርካብሽ ወልደ የሱስ

ሲስተር ሸዋርካብሽ ከአባታቸው ከአቶ ወልደ የሱስ ዘርጋ እና ከእናታቸው ከወ/ሮ ተስፋነሽ በ1953 ዓ.ም. መቱ አቅራቢያ በምትገኘው ኖፓ ተወለዱ። አባታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው ጨርቅ ይነግዱ ነበር፤ እሳቸው ግን ሱቁ ስለጠበባቸው መቱ ተምረው፣ ጅማ በነርስነት ሠልጥነው በዳሪሙ ጤና ጣቢያ ሥራ ጀመሩ። በ1978 ዓ.ም. ከመምህር ቀነዓ ጋር ትዳር መሥርተው ብሥራትንና ሄርሜላን ወለዱ። ያኔ የሲስተር ሳቅ ከመንገድ ማዶ ይሰማ ነበር፤ ዛሬም ጆሯችን ላይ አለ።

ዳሪሙ ሳሉ ሆዱን የታመመ ሕፃን፣ እናቱ “ይጠንክርልኝ” ብላ በቅቤ የራሰ ገንፎ ካጎረሰችው በኋላ እጃቸው ላይ አረፈ። ምግቡ ይሁን ሕመሙ እንጃ፤ እሳቸው ግን ያቺን ቀን አልረሷትም። በ1988 ዓ.ም. መቱ ወደሚገኝ ሆስፒታል ተዛውረው በሕፃናት ክፍል ሲመደቡ፣ ቆሽቱ ያበጠ ልጅ ምንም እንዳይቀምስ የሚለውን የዘመኑን ትእዛዝ አጥብቀው ያዙት። በነጠላ ሥር ማርና ጨጨብሳ ሸሽገው የሚገቡ እናቶችን በር ላይ ስለሚይዙ “ጉምሩክ” የሚል ስም ወጣላቸው። ሰምተው ይስቁ ነበር እንጂ ቅንጣት አያሳልፉም።

በ2008 ዓ.ም. የሁሩሙ ባለሱቅ ወ/ሮ ኡምሰልማ ልጃቸውን ኑሃን ይዘው መጡ፤ ቆሽቷ አብጦ ነበር። በግሉኮስ ስትቆይ ሕመሙ ቀለል አለላት፣ ማስታወኩም ቆመ፤ ሰውነቷ ግን አለቀ። የክፍሉ ሐኪም ዶ/ር ኩምሳ፣ አዲሱ አሠራር እንዲህ ያሉ ልጆች ቶሎ እንዲበሉ እንደሚያዝ አስረድተው “ትብላ” ሲሉ፣ ሲስተር “እኔ እያለሁ? በፍጹም!” ብለው አልጋው አጠገብ ቆሙ። ኡምሰልማም “ያ ረቢ! ልጄ በረሃብ ትሙትብኝ እንዴ?” ብለው አለቀሱ። ዶክተሩ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው “እትዬ ሸዋዬ፣ ቅቤውን ይከልክሉልኝ፤ ምግቡን ግን አይከልክሏት” አሏቸው።

ሲስተር ቤታቸው ሄደው ቅቤ ያልነካው የገብስ አጥሚት ሠርተው ተመለሱ። በማንኪያ አቀመሷት፤ አላስታወከችም። በማግስቱ የተፈጨ ድንች፣ ከዚያ ሩዝ እያሉ ቀጠሉላት። ኑሃ “ጨምሩልኝ” ያለች ዕለት ኮሪደሩ ላይ ወጥተው ስቅስቅ ብለው አለቀሱ፤ ለዳሪሙም ሕፃን ጭምር ሳያለቅሱ አልቀሩም።

ከዚያ ወዲያ በ2013 ዓ.ም. ጡረታ እስኪወጡ ድረስ ጉምሩክነቱ አልቀረም። እናቶቹን ግን ከበር ከመመለስ ይልቅ ወደ ማብሰያ ቤት ይዘዋቸው ገብተው፣ ልጁ እስኪያገግም ያለ ቅባት እንዴት እንደሚያበስሉለት ያሳዩአቸው ነበር። ወይ ያ ጊዜ! እንዴት ይናፍቃል!

ሲስተር ሸዋርካብሽ ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ ጥር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ተለዩ። ይህን ስንጽፍ ወ/ሮ ኡምሰልማ ከሁሩሙ ደርሰው “ከልጆቻቸው ተርታ ኑሃንም ጻፉልኝ፤ እኔ ወለድኳት፣ አብልተው ያቆሟት እሳቸው ናቸው” አሉን። እንቢ የሚል አልተገኘም። ስለዚህ ሲስተር ባለቤታቸውን መምህር ቀነዓን፣ ልጆቻቸውን ብሥራትን፣ ሄርሜላንና ኑሃን ትተው አልፈዋል።

ስንቱን ልጅ ያጎረሱ እጆቻቸውን አሳርፎ፣ እሳቸውን ደግሞ እግዚአብሔር ከማያልቀው ማዕዱ ያብላልን። አሜን።