ግራ ጫማዬን አውልቄ

ሰኞ፣ ጥቅምት 4

ግቢ ጠረግኩ። ሻይ አፈላሁ። ስኳሩ በዛ፣ ጠጣሁት። ጉልበቴ ዛሬም ያው... ግራው። ቀኙ ምንም አይል።

ይሄን የምጽፈው ፊደሉ እንዳይጠፋብኝ ነው። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው ያስቆጠረችኝ። "መንገዱን ሁሉ በቃልህ የምታውቅ ሰው፣ መንገድ ዳር የተጻፈውን ማንበብ ያቅትህ?" ብላ። እሷ ከሄደች ወዲህ ትንሽ ካልሞነጫጨርኩ እጄ ይረሳል። ማንም አያየውም። እንዳሻኝ እጽፋለሁ።

ፉጨት ደወለ። ረዳቴ ነበር፣ ከባድ መኪና ላይ ዕድሜያችንን አብረን ነው የፈጀነው። የኋላ ማርሽ ሳስገባ እያፏጨ ስለሚያስገባኝ ስሙ እዚያው ፉጨት ሆኖ ቀረ። አሁን ዓይኑ አያይም። ከእህቱ ልጅ ጋር ነው የሚኖረው፣ ከተማው ወዲያኛው ጫፍ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሄጄ ይዤው እወጣ ነበር... ሻይ፣ ወሬ፣ የድሮ ነገር። ፒክአፗን ከሸጥኩ ወዲህ ቀረ። ጉልበቴ ፍሪሲዮን አልረግጥ አለኝ። ዳገት ላይ ጥሎኝ ወደኋላ ተንሸራተትኩ። ሰው አልነካሁም፣ ተመስገን። በሳምንቱ ሸጥኳት። አውቶቡሱ ደግሞ ደረጃው ለኔ ተራራ ነው።

"መቼ ነው የምትመጣው?" አለ።

"እመጣለሁ።"

"ቶሎ ና እንጂ። እዚህ ወንበር ላይ በቅዬ ልቀር ነው።"

እየሳቀ ነው ያለው። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አላሳቀኝም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 7

ልጄ ከሥራ መጣች። ፋርማሲ ነው የምትሠራው። ነጩን ጋዋን እንኳ ሳታወልቅ ጀመረችኝ። አውቶማቲክ ግዛ። ፍሪሲዮን የለውም፣ ማርሹን ራሱ ይለውጣል፣ ግራ እግርህ ያርፋል።

ራሱ ከለወጠ እኔ ምን ልሠራ ነው? ልቀመጥ? ሾፌር ነኝ ወይስ ተሳፋሪ?

"እሱ መኪና አይደለም፣ ሊፍት ነው" አልኳት።

"ሊፍትም ቢሆን ጋሼ ፉጨት ጋ ያደርስሃል።"

ቁርጥ እናቷን። የቱ ጋ እንደሚያም ታውቃለች።

ትንሽ ልጨምርልህ አለች። እምቢ። በፒክአፗ ገንዘብ የሚገኘው ይበቃኛል። ሲሆን ትንሽዬ ትሁን፣ የግቢዬ በር ጠባብ ነው። ነዳጅ አትጠጣ። ያገለገለች ብትሆን ምን ገዶኝ፣ እኔስ ያገለገልኩ አይደለሁ?

ስትወጣ በሩ ላይ ዞር አለች። "ግን አባዬ፣ ስትሞክራት አብሬህ ነኝ። አነዳድህ ካላማረኝ አይገዛም።"

ሳቅኩ። እኔን ልትፈትነኝ። እሷ ሳትወለድ ተሳቢ ስጎትት የነበርኩትን ሰውዬ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 9

አንድ ደላላ ሁለት መኪና አሳየን። ምላሱ ማር ነው፣ ማር ምላስ ብዬዋለሁ።

መጀመሪያ ነጭ። ታጥባ ታጥባ ታበራለች። "አባቴ፣ አንዲት ዶክተር ናት የያዘቻት። ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት፣ በቃ" አለ። የፊት በሩን በጣቴ መታ መታ አደረግኩት። ቆርቆሮ አይልም። ከቀለሙ ሥር ስቱኮ ነው፣ እንደ ቤት ግድግዳ ተለስኗል።

"ታዲያ ዶክተሯ የተጋጨችው ወደ ሥራ ስትሄድ ነው ስትመለስ?" አልኩት።

ልጄ ሳቋን በመዳፏ አፈነች። ማር ምላስ ሰማዩን አየ።

ሁለተኛዋ ግራጫ። ይቺ ደህና። ልጄ ጎኔ፣ ደላላው ከኋላ፣ ተነሳን። እጄ ማርሽ ፍለጋ ይሄዳል፣ እመልሰዋለሁ... ሌላው ጥሩ። መታጠፊያው ጋ ፍጥነት ልቀንስ ስል ግን... ቀጥ። መኪናዋ መሬት ላይ የተቸነከረች መሰለች። የልጄ ቦርሳ እግሯ ሥር ተዘረገፈ። የማር ምላስ መነጽር በትከሻዬ በኩል በሮ መስታወቱ ላይ አረፈ።

"ፍሬኗ ተበላሽቷል" አልኩ።

"ኧረ አባቴ፣ አዲስ ነው..."

"ተበላሽቷል አልኩህ።"

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ሰማያዊዋን ሞከርን። ልጄ ለዚሁ ብላ ፈቃድ ጠይቃ ነው የመጣች። ይቺም ያው። መብራቱ ጋ ስደርስ ፍሬኗ ያዘና... ከኋላ የነበረው ሰውዬ ጡሩምባውን አስጮኸብኝ። እናቴንም አነሳ መሰለኝ። ማር ምላስ የፊት ወንበሩን በሁለት እጁ አቅፎ ቀርቷል።

"ይቺም ፍሬኗ አይረባም" አልኩ።

ልጄ በራሷ መኪና ቤት አደረሰችኝ። መንገዱን ሙሉ ዝም። ስትጮህ አልፈራትም፣ ዝም ስትል ነው የምፈራት። በሩ ጋ ሞተሯን አጠፋች።

"አባዬ... ይቅርብህ ይሆን? እኔ በወር አንዴ ጋሼ ፉጨት ጋ እወስድሃለሁ።"

በወር አንዴ። እንደ ጋዝ ሲሊንደር።

"ፍሬኑ ነው አልኩሽ" ብዬ ወረድኩ። በሩን በኃይል ዘጋሁት። የሷ መኪና ምን አደረገኝ?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

እጄ አልተንቀጠቀጠም። ዓይኔም ደህና ነው፣ ይሄው እየጻፍኩ። ታዲያ ምንድነው? ይሄ ነው እርጅና የሚሉት?... ልጄ አልደወለችም። እኔም አልደወልኩም።

ዓርብ፣ ጥቅምት 15

ፉጨት ደወለ። ስለ መኪናዎቹ ነገርኩት። ፍሬን ፍሬን እያልኩ።

"ሁለቱም?"

"ሁለቱም።"

"የተለያዩ መኪናዎች፣ አንድ ዓይነት ብልሽት?"

"አዎ አልኩህ።"

ድንገት መሳቅ ጀመረ። እስኪያስለው ሳቀ፣ የእህቱ ልጅ ውኃ ይዛ ስትሮጥ ይሰማኛል።

"አንተ ሰውዬ፣ ፍጥነት ልትቀንስ ስትል ግራ እግርህ ወዴት ነው የሚሄደው?"

"ፍሪሲዮን ላይ ነዋ።"

"ፍሪሲዮን በሌላት መኪና?"

...

አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አልኩ። እግሬን አየሁት። ሳላዘው ነው ለካ የሚሄደው። ዕድሜ ልኩን የለመደውን። ሄዶ ሄዶ ደግሞ እዚያ የሚያገኘው ሰፊውን የፍሬን መርገጫ ነው። ፍሪሲዮን ያቃተው ጉልበት፣ ለትንሽ መኪና ፍሬን ሲሆን ተርፎታል። መኪናዎቹ ምን ያድርጉ?

"ስንት ዓመት ጎንህ ተቀምጬ የዚያን እግር ድምፅ ስሰማ ኖርኩ" አለ ፉጨት። "በል ጫማውን አውልቅለት። ባዶውን ሲቀር ሥራ እንደሌለው ይገባዋል።"

"ሞኝ ነህ አንተ።"

"ሞኙማ ሁለት መኪና በሐሰት የወነጀለው ነው።"

ላመሰግነው ነበር... አንደበቴ አልታዘዝ አለኝ። ለራት ምን በላህ ብዬው ዘጋሁት። እዚህ ልጻፈው፦ እግዜር ይስጥህ ፉጨት። ዓይንህን ተነጥቀህም ከኔ የተሻለ ታያለህ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 16

ልጄን ራሴ ደወልኩላት። "አንድ ጊዜ ብቻ" አልኳት። መጣች።

ማር ምላስ አንዲት ብርቱካናማ አመጣ። ሁለት በር ብቻ። ጥግ ላይ ቆማ ሳያት መኪና አልመሰለችኝም፣ አንድ ሰው የጣላት የልጅ ጫማ እንጂ። ሰው በዚህ ዕድሜው በዚች ታየ ሲሉኝ ታየኝ። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ ሴት የሙዚቃ አስተማሪ ናቸው፣ ወደ ልጃቸው አገር ሊሄዱ ነው የሚሸጧት። "አይናቋት ወንድሜ፣ ሲነዷት ታስቃለች" አሉ። መኪና ያስቃል እንዴ?

የማውቀው መካኒክ ከሥር ገብቶ አያት። ዝገት የለም። የማርሿን ዘይት በመለኪያው አውጥቶ አሸተተ፣ እኔንም አስሸተተኝ። አውቶማቲክ ሊሞት ሲል ዘይቱ እንዳረረ ነገር ይሸታል አለ። ይሄ ምንም አይሸት፣ መልኩም ቀይ ነው።

ማር ምላስ ከኋላ ተጣጥፎ ገባ። ቀበቶውን አጠበቀ። መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ከተተ።

እኔም ግራ ጫማዬን ፈትቼ አወለቅኩ።

"አባዬ፣ ምን እያደረግክ ነው?"

ከመንዳቱ የከበደኝ ይቺን መናገር ነው። "ፍሬኑ አይደለም ልጄ" አልኳት። "እግሬ ነው። ፍሪሲዮን ይፈልጋል። መኪናዎቹ ምንም አልሆኑም።"

እግሬን አየች። እኔን አየች።

"ካልሲህ ተቀዷል" አለች።

በቃ። ታረቅን ማለት ነው።

መጀመሪያው መታጠፊያ ላይ እግሬ ነቃ አለ። ባዶ ጣቶቼ ምንጣፉን ሲነኩ ደነገጠ፣ ተመልሶ ተኛ። ሁለተኛው ላይ ጣቶቹ ብቻ ተንቀሳቀሱ፣ እንደተኛ አሮጌ ውሻ ጭራ። ከዚያ ወዲያ ዝም። ዳገቱ ጋ ስንደርስ ነዳጅ ሰጠኋት... ግልገል ናት እንዴ? ዘላ ወጣች። ያቺ ፒክአፔን ያንሸራተተች ዳገት። ሳላስበው ሳቅኩ፣ ብቻዬን ጮክ ብዬ። ልጄም ሳቀች። ሴትዮዋ እውነታቸውን ነው።

ስንቆም ከኋላ "ተመስገን" የሚል ድምፅ ሰማሁ።

"ለምኑ?" አልኩት።

"ለመነጽሬ ነው አባቴ።"

ገዛኋት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 18

ግቢው በር ገባች። በሁለቱም ጎን እጅ ያስገባል። ጎረቤቴ አጥሩ ላይ ተደግፎ ያያል።

"ጋሼ፣ ይቺ ስታድግ ምን ትሆናለች?"

"ያንተን ምላስ ታክላለች" አልኩት።

ጠዋት ጠዋት ሠፈሩን እዞራለሁ። ግራ ጫማዬን ቤት በሩ ሥር ትቼ። ዳቦ ገዛሁ፣ ዳቦ ሳይኖር ቀርቶ አይደለም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 20

ባለቤቴ ብታያት የሷ ነበር የምታደርጋት። ብርቱካናማ ነጠላ ጫማ ነበራት... አሁን ትዝ አለኝ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 23

ፉጨት የእህቱን ልጅ ተደግፎ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ሸሚዙ የተተኮሰ ነው። ሰላም እንኳ ሳይለኝ እጁን መኪናዋ ላይ አሳረፈ። ከፊት መብራቷ ጀምሮ እየዳሰሰ እየዳሰሰ ኋላዋ ደረሰ።

"አለቀች?"

"አለቀች።"

"ሌላውን ክፍል ቤት ጥለኸው መጣህ?"

እንደ ድሮው ጎኔ ተቀመጠ። መስኮቱን እስከ ታች አወረደ፣ ክርኑን አወጣ። ዳገት ላይ ጆሮውን አቀና።

"ማርሽ ለወጠች። አንተ አይደለህም አ?"

"እኔ አይደለሁም።"

"ካንተ ትሻላለች።" ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ "አለቃዬ" አለኝ። "እንደ ድሮው ነፋሱ ፊቴን ነካኝ።"

መሪውን ያዝኩ።

ሻይ ቤቱ ጋ አንድ ጠባብ ቦታ አለች፣ በሁለት መኪና መሃል። የኋላ ማርሽ ሳስገባ መኪናዋ ጲጵ ጲጵ አለች። ፉጨት ፊቱ ተለወጠ።

"ምንድነው እሱ?"

"ከኋላ ነገር ሲቀርባት ትናገራለች።"

"በኔ ሥራ ነው የምትገባው? አቁምልኝ።"

ወረደ። በአንድ እጁ የቆመውን መኪና ይዞ፣ ሌላውን ወደ ላይ አነሳ። የጩኸቷን ማጥፊያ ልጄ አሳይታኛለች፣ አጠፋሁት። በስፖኪዮው አየዋለሁ። ዓይኑ ሰማይ ላይ ነው። ማፏጨት ጀመረ... ያንኑ ፉጨት። "ና... ና... ግራ ቁረጥ... መልስ... ና..." በስፖኪዮው ማየቱን ተውኩ። እሱ እንዳለኝ ቆረጥኩ፣ እሱ እንዳለኝ መለስኩ። ከዚያ መኪናዋን በመዳፉ ሁለቴ መታ።

"በቃ።"

ወርጄ አየሁ። ግራም ቀኝም እኩል። ሻይ ቤት ደጅ የነበረው ሰው ሁሉ ቆሞ ያያል።

ልገባ ስል... ግራ ጫማዬ የለም። ጠዋት እንደለመድኩት ቤት በሩ ሥር ትቼዋለሁ። ምን ይደረግ፣ በካልሲ ገባሁ። ፉጨት ትከሻዬን ይዞ፣ እኔ ባንድ ጫማ እየተራመድኩ። ሰዎቹ ይሳሳቃሉ።

"ምን ሆነው ነው?" አለኝ።

"መኪናችን አምራባቸው ነው።"

"ይምረራቸው" ብሎ ደረቱን ነፋ።

ሁለት ሁለት ሻይ ጠጣን። ተመስገን። ለቅዳሜ፦ ጫማውን ኋላ ወንበር ላይ ማስቀመጥ።