የቀይ ባሕር ያልኩት ስዕል

ሰኞ
ምን አፌን አስከፈተኝ! የምንከባከባቸው ሆላንዳዊት አሮጊት፣ በነሱ ቋንቋ ሜቭራው (እመቤት) የምላቸው፣ መጦሪያ ቤት ሲገቡ የሰጡኝን ስዕል ክፍሌ ሰቅዬው ነበር። ጃፓን ሄደው ራሳቸው የሣሉት ነው። ባሕር ዳር የቆሙ መዝጊያ የሌላቸው ቀያይ በሮች። "የጃፓኖች ቤተ ጣዖት በር ነው" ብለውኛል። ዛሬ አከራዬ እትዬ አልማዝ ብቅ አሉና "ይሄ ደግሞ የምንድን ነው?" ሲሉኝ ደነገጥኩ። ጣዖት ካልኩ ከነሻንጣዬ መውጣቴ ነው።
"ቀይ ባሕር ነው፣ እትዬ። እስራኤል የተሻገሩበት።"

ማክሰኞ
ስዕሉ ሳሎን ገባ። ምስማሩን ራሳቸው መቱ። ደስታቸውን ሳይ እውነቱን መናገር አቃተኝ። የጸሎት ቡድናችን ነገ እዚሁ ነው የሚሰበሰበው። ወይ ጉዴ!

ረቡዕ
እትዬ ተነስተው "ጌታ በር ሊከፍት ነው!" አሉ። ቤቱ በእልልታ ተናጋ። ሁሉም እየተነሳ ስዕሉ ላይ ባሉት በሮች እጁን ጫነ። የጥገኝነት ጥያቄው ውድቅ የሆነበት ብርሃኑማ ግንባሩን አስደግፎ አለቀሰ። እኔም አሜን አልኩ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ለማን እንዳልኩት እንጃ።

ሐሙስ
ብርሃኑ ደወለ። ድምፁ ሠርግ የሚሄድ ሰው ነው የሚመስለው።
"ይግባኙን ተውኩት። በሩ ከተከፈተ ጠበቃ ምን ያደርግልኛል?"
የይግባኙ ጊዜ ነገ ያበቃል። ብናገር ቤቴ፣ ዝም ብል የሱ ሕይወት። ዴን ሃግ ውስጥ ማዘጋጃ ቤት አድራሻ የሚያስመዘግብ የኪራይ ክፍል የት ይገኛል? ሮተርዳም አንድ አለ አሉ፣ ደወልኩ፣ ተይዟል።

ዓርብ
ጠዋት ሆላንድስ ስፖር ባቡር ጣቢያ አገኘሁትና እቅጩን ነገርኩት። መጀመሪያ ሳቀ።
"ታዲያ አሜን ስትዪ የነበረው ምን ብለሽ ነው?"
ጥሎኝ ወደ ጠበቃው ሄደ። ከሰዓት በኋላ "ይግባኙ ገባ" ብሎ ብቻ ጻፈልኝ። ተመስገን! እንባዬ መጣ።

ግን ለእትዬ አልተናገርኩም። ቤት ስገባ ኮሪደሩ በጫማ ተሞልቷል። የሮተርዳም ጉባኤ ሰዎች ስዕሉን ሊያዩ መጥተዋል፤ ሽማግሌያቸውም አሉ። ሹልክ ብዬ ክፍሌ ገባሁ። ይኸው ሻንጣዬን አልጋው ላይ ዘርግቼ እጽፋለሁ።

እትዬ ከሳሎን ይጣራሉ። "ነይ እንጂ የኔ ልጅ! ታሪኩን አንቺው አስረጂያቸው፤ እንግዶቹ አንቺን ነው የሚጠብቁት።"

መጣሁ ብያለሁ።