ስብሰባ የለኝም

ሌይሬ፣

የማድሪዱ አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ በጥድፊያ ነው የምጽፍልሽ። ቁልፉን ታች ቡና ቤት ለፋኩንዶ ሰጥቼዋለሁ። ማሞቂያውን አጥፍቻለሁ። በረንዳው ላይ ያለውን የወይን ጭራሮ ዝናብ እንዳያበሰብሰው ሸፍኚው፤ እናትሽ እሑድ የበግ ጎድን ልትጠብስበት ነው ያመጣችው።

ሥራ የለኝም።

ለማድሪዱ ቢሮ እዚሁ ሎግሮኞ ሆኜ እሠራለሁ ብዬ አልነበር የመጣሁት? እናንተ ወይን ለቀማ የሄዳችሁ ዕለት አሰናበቱኝ። በአካል አይቻት የማላውቅ ሴትዮ በስክሪን አመስግናኝ ዘጋችው። ማታ እጅሽ በወይን ጠቁሮ መጣሽና ከክፍሌ ደጃፍ ሆነሽ "አሁንም ስብሰባ ላይ ነሽ እንዴ?" አልሽኝ። "አዎ" አልኩሽ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ በሩን ዘግቼ፣ ማዳመጫዬን ሰክቼ፣ የጠፋ ስክሪን ፊት እቀመጣለሁ። ምንም አይሰማኝም፤ እንዳታዝኚልኝ።

ለቀማው አብሬያችሁ እንድመጣ ስትጠይቂኝ አንዴ "ስብሰባ አለኝ" ስልሽ ግን ድጋሚ አላነሳሽውም። እሱም ይሁን።

ትናንት እናትሽ እየሳቀች ስትገባ ሰማኋችሁ።

"እማዬ፣ ቀስ በይ! ልጅቷ ሥራ ላይ ናት።"

"ኧረ ይቺ ልጅ መቼ ነው የምትበላው?" አለች በሹክሹክታ።

ሁለታችሁም ጫማችሁን አውልቃችሁ፣ በካልሲ በክፍሌ በር ፊት አለፋችሁ።

በእኔ ምክንያት ቁም ሳጥን ውስጥ የከተትሽውን ራዲዮ ወጥ ቤት መልሼዋለሁ።

ከእንግዲህ ቤት ውስጥ ጫማሽን አድርገሽ ተመላለሺ።

ፓሎማ