እስከ ፖስታ ቤት በእግሬ

ይድረስ ካይሮ ላለኸው ልጄ ሳሊሕ። አላህ የረገጥከውን ምድር ሁሉ ያለስልስልህ። እኛ ደኅና ነን፤ ላሚቱ ሸጋ ጥጃ ወልዳለች። ይህን የጻፍሁት ራሴ እናትህ ነኝ፤ የማታ ትምህርቱን ከሁሉ ቀድሜ ጨረስሁ፤ መምህሩም ከእጅ ጽሕፈቴ ቢማር አይጎዳም።

እኅቴን፣ አክስትህን ለይላን የገደላት የስኳር በሽታ በዘር እንደሚመጣ ሐኪሙ ነገረኝ። «እርስዎም ወፍረዋል፤ ተቀምጠው ነው የሚውሉ። ሳይይዝዎ ስኳሩን ይቀንሱ፣ በየቀኑም በእግርዎ ይሂዱ» አለኝ። ሻዩን ያለ ስኳር ለመድሁት። አባትህ ግን «የነጋዴ ሚስት በእግሯ ስትዞር ያየ ሰው ዐብዱረሕማን ከሰረ ይላል» ብሎ ከበር አያሳልፈኝም። ውፍረቴ የሱቁ ታፔላ ሆኗል።

መንግሥት ተማሩ ስላለ ለማታ ትምህርት ብቻ ይለቀኝ ነበር፤ እኔም የሄድሁት ለፊደሉ ሳይሆን ለመንገዱ ነው። ጉብዝናዬ ጎዳኝ፤ ቶሎ ጨረስሁና ይኸው ተቀመጥሁ።

አንተም የእኛው ደም ነህና ጣፋጭ አታብዛ፣ ተራመድ።

አንድ ነገር ልለምንህ፤ በየሳምንቱ የአደራ ደብዳቤ በስሜ ላክልኝ። ያለ እኔ ፊርማ አይሰጡትምና አባትህ ፖስታ ቤት መሄዴን አይከለክልም። የምትጽፈው ብታጣ ባዶውን ወረቀት ላከው፤ እሄድበታለሁ።

አላህ እግርህን ያጽናልህ፣ በጤና ያገናኘን።

እናትህ ሐዲጃ፣ ከጎንደር