ሸምበቆው ውስጥ አልገባንም

ሰኞ

አለቃዬ፣ የዓሣ ተመራማሪው ዶክተር፣ ዛሬ «ሀገር በቀል እውቀት» የሚለውን ቃል አስራ አንድ ጊዜ ጠራው። ቆጠርኩ። እዚህ ስብሰባ ላይ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፣ ሌላ ምን ሥራ አለኝ። አውደ ጥናቱ ካዛንቺስ አንድ ሆቴል ውስጥ ነው፤ ሦስት ቀን። የአባቶችን እውቀትና የዓሣ ሳይንስን ለማቀናጀት። ከአባቶች የመጡት አንድ ብቻ ናቸው፤ ጋሽ ደበላ፣ የዝዋይ ዓሣ አስጋሪ። በር አጠገብ አስቀመጧቸው። ቀኑን ሙሉ ማንም ምንም አልጠየቃቸውም። ፎቶ ግን ደጋግመው አነሷቸው።

ማክሰኞ

መስቀል አደባባይ ለባቡሩ ስለተቆፈረ ከቂርቆስ በእግሬ ሄድኩ። ጫማዬ አቧራ በአቧራ። አዳራሹ ውስጥ ያሉት ጫማዎች ያበራሉ፤ ስለ ሐይቅ የሚያወሩትም እነሱ ናቸው።

ዶክተሩ የማስገር ደንቡን ረቂቅ አቀረበ። በክረምት ማስገር ይከልከል፣ ዓሣው የሚራባው ያኔ ነው ይላል። ጋሽ ደበላ እጃቸውን አወጡ። ብዙ ቆይቶ ዕድል ተሰጣቸው።

«ቆሮሶ ዓሣ የምትወልደው በበልግ ነው» አሉ። «ዝናቡ ሲጀምር ሸምበቆ ውስጥ ትገባለች። እንቁላሏን በአፏ ይዛ ነው የምትቆየው። እኛ ያኔ እዚያ መረብ አንጥልም፤ አባቶቻችንም አልጣሉም። በክረምት ከዘጋችሁብን ምን እንበላለን? በበልግስ ማንም ገብቶ እናቲቱን ቢያወጣት?»

ዶክተሩ ፈገግ አለ። «እናመሰግናለን አባባ፣ ደስ የሚል ተረት ነው። ዳታው ግን ሌላ ነው የሚለው።»

ሰዉ ሳቀ። እኔም ፈገግ አልኩ። ዳታውን የሰበሰብኩት እኔ ነኝ።

እዚህ እንኳን ልጻፈው። የሞተር ጀልባችን ሸምበቆ ውስጥ አይገባም ነበር፤ ሣሩ ሞተሩ ላይ ይጠመጠማል። ናሙና የወሰድነው ከመሃል ሐይቅ ብቻ ነው። በበልግ እንቁላል የያዘች ዓሣ ያላገኘነው ያለችበት ስላልሄድን ነው። ሪፖርቱ ላይ ጽፌው ነበር። ዶክተሩ «ይሄ አያስፈልግም፣ በቃ» ብሎ አወጣው። እሺ አልኩ። ሰውየውን እንቀዋለሁ። እሺ ያለችውንም።

ረቡዕ

ከስብሰባው በፊት ለጋሽ ደበላ እውነቱን ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። «ብትጠይቂን በታንኳ እናስገባሽ ነበር፣ ልጄ» ብቻ አሉኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ረቂቁ ሊጸድቅ ሲል ተነሳሁ። «ናሙናውን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ሸምበቆው ውስጥ አልገባንም። ጋሽ ደበላ ያሉትን ዳታው ስህተት ነው ሊል አይችልም፣ ማለቴ፣ አላየነውም።»

«እሱን ቢሮ እንነጋገራለን» አለ ዶክተሩ።

ከበላይ መሥሪያ ቤት የመጡት ሴትዮ፣ ሦስት ቀን ስልካቸውን ሲነካኩ የከረሙት፣ ቀና አሉ። «ታዲያ ምን አይታችሁ ነው ወሩን የመረጣችሁት?»

ዶክተሩ ወረቀት ያገላብጣል።

ረቂቁ ተመለሰ። በመጪው በልግ በአስጋሪዎቹ ታንኳ ሸምበቆው ውስጥ ተገብቶ ይጠና ተባለ። ዶክተሩ ወዲያው «እኔም ከመጀመሪያው ያልኩት ይሄንኑ ነው፣ ማቀናጀት» አለ። ሰው ትንሽ እንኳን አያፍርም?

ሐሙስ

ዶክተሩ ሰላም አላለኝም። የመስክ ቡድኑ ዝርዝር ወጣ፤ ስሜ የለም። በእኔ ቦታ የእህቱ ልጅ ገብቷል። ሐይቅ አይቶ የሚያውቅ አይመስለኝም።

ጋሽ ደበላ ሊሳፈሩ ሲሉ ደወሉ። «አንቺ ነሽ የምትመጪው?»

«አይ ጋሼ፣ ሌላ ሰው ነው።»

«ዋና የሚችል ይሁን» አሉ። «ታንኳችን ከረባት አታውቅም።»

ከስንት ቀን በኋላ ሳቅኩ። ከዚያ ቅጽ ወስጄ ለሚያዝያ፣ ለበልጉ፣ የዓመት ፈቃድ ጠየቅኩ። ምክንያት በሚለው ላይ «የግል» ብዬ ጻፍኩ። ዶክተሩ ይፈርም አይፈርም እንጃ።