ፊሽካ ሲነፋ የሚጀመር ጨዋታ

ለውዷ እህቴ፣

እንዴት ነሽልኝ? ጤናሽስ? ስፌት መኪናው ላይ ስታጎነብሺ ይቆርጥሽ የነበረው ወገብሽ ተሻለሽ? ዓይንሽስ እንዴት ነው? ምግብ ትበያለሽ ወይስ እንደ ልማድሽ «ቆይ ይቺን ልጨርስ» እያልሽ ረሃብሽን ታታልያለሽ? አብራሽ የምታድረው ልጅስ ማንኮራፋቷን ተወች? እኛ ናፍቆትሽ ነው እንጂ ሌላ አላመመንም፣ ሁላችንም ደህና ነን። አባባ ብቻ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። እሱም የእርጅና ሳይሆን የፖሊሲ ሕመም ነው፤ ታሪኩን ወደ ታች ታገኚዋለሽ፣ ዘለሽ እንዳታነቢ።

ልጅሽ ጉልቤ አድጎልሻል። ጫማው ጠቦታል፣ አፉ ግን ሰፍቷል፤ ሰው ሁሉ በእኔ ወጣ ይላል፣ እኔም አላስተባብልም። ቀን ቀን እንደተውሽው አክስታችን ማቆያ ይውላል። ይህችን ማቆያ ልናጣት ለጥቂት መትረፋችንን ግን በስልክ አልነገርንሽም። አሁን ነገሩ ስላለፈ ልንገርሽ።

ከመንግሥት አዲስ የሕፃናት እንክብካቤና ትምህርት ፖሊሲ ወጣ። ስድስት ዓመት ያልሞላው ልጅ በጨዋታ ይማራል፤ በዱላ፣ በሰልፍና በሽምደዳ ማስተማር ቀረ ይላል። ወንበሩ በልጁ ልክ ይሁን፣ የእጅ መታጠቢያው ይድረሰው፣ መተኛም ይኑረው ይላል። ማቆያ ያለው ሁሉ ይጎበኛል፣ የማይመጥነው ይዘጋል። የእኛ ቢዘጋ አክስታችን እንጀራዋን ታጣለች፣ ጉልቤ ቤት ይውላል፣ እኔ ደግሞ እሱን ለመጠበቅ የማታ ተማሪ እሆናለሁ። ይህን የወሰነው የቤተሰብ ጉባኤ ነው፤ ጉባኤተኞቹ አባባና አክስታችን ነበሩ፣ እኔ አልተጠራሁም። እኔና ጉልቤ ቀኑን ሙሉ ተፋጠን ስንውል ይታይሽ።

አባባን ታውቂያቸዋለሽ። ዕድሜ ልካቸውን አስተምረው ከትምህርት ቤት ወጡ እንጂ ትምህርት ቤቱ ከሳቸው አልወጣም። ሰፈሩ «ዲሬክተር» ይላቸዋል፤ ሆነው ባያውቁም ለማስተባበል ቸኩለው አያውቁም። አክስታችን የፖሊሲውን ወረቀት ስታመጣ መነጽራቸውን አደረጉ፣ ቀይ እስክሪብቶ አወጡ፣ ከዳር እስከ ዳር አረሙት። ረዘመ ያሉትን ዓረፍተ ነገር ቆረጡ፣ ነጠላ ሰረዝ ጨመሩ፣ መጨረሻ ላይ ከመቶ ስልሳ ስምንት ሰጥተው «መልካም ሙከራ ነው፤ ይበልጥ ይጠና» ብለው ጻፉበት። ጎረቤታችን አናጢው የሠራቸውን ትንንሽ ወንበሮች ሲያዩ ደግሞ ለሰው ነው ለጫጩት ብለው ጠየቁ።

ይሁን እንጂ «ይዘጋል» የሚለው ቃል አስደንግጧቸዋል። ጨዋታ ከተፈለገ ጨዋታ እናስተምራለን አሉ። ነገሩ የተበላሸው እዚህ ላይ ነው። አክስታችን ለተንከባካቢዎች የተዘጋጀ ሥልጠና ስትሄድ ክፍሉን ለሳቸውና ለረዳቷ ተወችው። ረዳቷ ደግሞ አባባ ያስተማሯት ናት፤ እስከ ዛሬ ፊታቸው ስትቀመጥ እግሯን አታነባብርም። እሳቸውም ጨዋታን እንደ ማባዛት ሠንጠረዥ ያስጠኑት ጀመር። አንድ ጊዜ ፊሽካ ሲነፋ ኩብ መደርደር፣ ሁለት ጊዜ ሲነፋ መሳቅ፣ ሦስት ጊዜ ሲነፋ እጅ አጣምሮ መቀመጥ። በደንብ ያልሳቀ ይደግማል። ከትምህርት ቤት ስመለስ በመስኮት ባይ የጎረቤታችን ትንሿ ልጅ፣ ዛሬ መሳቅ አልቻልኩም ብላ ታለቅሳለች። አባባም ነገ እንደምትከልሰው ቃል ገብተው አጽናኗት። ይሄ ነገር ጉድ ያፈላል ብላቸው «አንቺ ምላሳም» አሉኝና ጆሮ ዳባ ልበስ።

ተቆጣጣሪዋ የመጣች ቀን ትምህርት ቤታችን ተዘግቶ ስለነበር እኔም ነበርኩ። አክስታችን ክፍሉን እንደ መስታወት አብርታዋለች፤ ፊሽካውንም ይደብቁት ብላ አባባን ለምናለች። ተቆጣጣሪዋ ፍራሾቹን ዳሰሰች፣ መታጠቢያው ጋ ቁጢጥ ብላ በልጅ ቁመት ሞከረችው፣ ደስ አላት። ከዚያ ልጆቹን እንደ ሁልጊዜው ተጫወቱ አለቻቸው።

ማን ይንቀሳቀስ? ሁሉም እጃቸውን አጣምረው፣ ትንሽ ወንበር ላይ የተቀመጡትን አባባን ያያሉ። አባባ ጣሪያውን ያያሉ። ተቆጣጣሪዋ ጉልቤን ለምን እንደማይጫወት ጠየቀችው።

«ፊሽካው አልተነፋማ» አላት።

«ካልተነፋስ?»

«እንጠብቃለን።»

የአክስታችን ፊት አመድ መሰለ። እኔም የማታ ተማሪነቴን በዓይኔ አየሁት። ሴትየዋ ወረቀቷን ወደ ቦርሳዋ መክተት ጀመረች።

አባባ ሊያስረዱ ብድግ አሉ። ወንበሩም አብሯቸው ብድግ አለ። እህቴ፣ ያ ለጫጩት ነው ያሉት ወንበር ከመቀመጫቸው ጋር ተሰክቶ ቀረ። ቢስቡት ወይ ፍንክች። መጀመሪያ የሳቀችው ያቺ መሳቅ ያቃታት ልጅ ናት፤ ከዚያ ክፍሉ በሙሉ ያለ ፊሽካ ፈነዳ። እኔ ተቆጥተው ይወጣሉ ብዬ መንገድ ለቀቅኩ። እሳቸው ግን አክስታችንን አዩ፣ ጉልቤን አዩ፣ ከዚያ ቀስ ብለው በአራት እግራቸው ወረዱ።

«እኔ ኤሊ ነኝ» አሉ። «ቤቴን እንደተሸከምኩ መንገድ ጠፋኝ። ማን ያሳየኛል?»

ወረዱባቸው ብልሽ ይቀላል። ገሚሱ በኩብ መንገድ ሠራላቸው፣ ገሚሱ ኤሊው ይጠማዋል ብሎ በቆርኪ ውኃ አመጣ። ጉልቤ መንገዱ እስኪያልቅ ስንት ኩብ እንደቀረ ይቆጥርላቸው ነበር፤ ያ አባባ በጩኸት ሲያስጠኑት አልገባ ያለው ቁጥር ከየት እንደመጣለት እንጃ። ተቆጣጣሪዋ ጫማዋን አውልቃ፣ ቦርሳዋን አቅፋ፣ ኤሊው እንዲያልፍ ግድግዳው ጥግ ተለጥፋ ቆመች። ወንበሩን በመጋዝ ያላቀቀው ራሱ አናጢው ነው፤ አባባ ሱሪያቸውን አደራ እያሉት።

ፈቃዱ ተሰጠ። ሴትየዋ ስትወጣ አባባን ፊሽካውን ለትራፊክ ይስጡት፣ ኤሊው ግን ይቆይልን አለቻቸው። አሁን ጠዋት ጠዋት «ሥራ ልግባ» ብለው ይወጣሉ፣ ማታ ጉልበታቸውን እናሽላቸዋለን። ለፖሊሲውም ሰባት ነጥብ ጨምረውለታል፤ ከዚያ በላይ ግን ምልጃ አይቀበሉም።

ከዚህ ጋር የታጠፈው ሥዕል የጉልቤ ነው። ድንጋይ የሚመስለው መነጽር ያደረገ ኤሊ ነው። ጀርባው ላይ አክስታችን፣ እኔና እሱ አለን፤ እኔን አፌን ብቻ ነው የሳለኝ። ከፊት ባዶ የተተወውን ቦታ አባባ፣ እዚህ ጋ ምነው ሳትጨርሰው ቀረህ ብለው ጠየቁት። «የእማዬ ነው፤ ስትመጣ ትቀመጥበታለች» አላቸው። አባባ ቀይ እስክሪብቷቸውን አውጥተው ነበር። ሥዕሉን አዩት፣ አዩት፣ ከዚያ እስክሪብቶውን መልሰው ኪሳቸው ከተቱት።

አክስታችን ጉንጭሽን ትስምሻለች፤ ስለ ልጅሽ ሐሳብ አይግባሽ፣ ስለ ወገብሽ ግን አስቢ ብላለች። ረዳቷም እጅ ትነሳለች። አባባ ይመርቁሻል፤ ይህን ደብዳቤ ግን አላነበቡትም፣ ቢያነቡት አርመው ነበር የሚልኩልሽ። ጉልቤ አጠገቤ ሆኖ ወረቀቱን እየሳመልሽ ነው፤ እዚህ ጋ ያረጠበው እሱ ነው እንጂ እኔ አላለቀስኩም።

ምላሳሟ እህትሽ

ከማቆያው በር፣ ከትንሿ ወንበር ላይ
ኅዳር ፱ ቀን